በድንኳን ውስጥ የጻፍኩት ገብስ

ሰው ሲሰርቅ ቢደበቅ ይገባኛል፤ እኔ መማሬን ምን ብዬ ደበቅኩት?

ከረዥሙ ጦርነት በኋላ ነጻነት በመጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ጎዳይፍ ሰፈር ባለ ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበርኩ። ትምህርቱ በርቀት ስለሆነ ክፍል ስገባ የሚያየኝ የለም። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነው፤ «በዚህ ዕድሜዋ!» እንዳይሉኝ ሰጋሁ፤ ብወድቅስ?

የማጠናው የዓዲ ጓዕዳድ መንደር ሴቶች የገብስ ዘር እንዴት እንደሚመርጡ ነበር። አንዷ ዛላውን በጣቷ ትዳስሳለች፣ ሌላዋ ፍሬውን በጥርሷ ትሰብራለች፤ የሚመርጡት ግን አንድ ዓይነት ዘር ነው። እንዴት? ይህን ሳወጣና ሳወርድ ሌላው ሁሉ ይጠፋብኝ ነበር። ውጭ አገር ያለው አማካሪዬ ግን ምዕራፉ ከፋሲካ በፊት ካልደረሰው ዓመቱን እንደምደግም አስጠንቅቆኛል።

በግቢያችን አንዲት አሮጊት ጎረቤት ነበሩ፤ እንደ እናቴ «አደይ» እላቸዋለሁ። ለቅሶ በተሰማ ቁጥር በሬን ያንኳኳሉ። «ጓለይ፣ ልጄ፣ ተነሺ! ነጠላሽን አዘቅዝቂ!»

በእኛ ዘንድ ድንኳን ተተክሎ ሥራ አለብኝ አይባልም። ሌላውስ ሥራ የለበትም እንዴ? ድንኳን ውስጥ ደግሞ መጽሐፍ መግለጥ ነውር ነው። ስለዚህ ምዕራፉን በልቤ መጻፍ ጀመርኩ። አንዱን ዓረፍተ ነገር አቃናና እንዳይጠፋኝ በከንፈሬ እመላልሰዋለሁ። ሴቶቹ ጸሎት መሰላቸው።

«አየሻት መምህርቷን? ሐሜት የሚባል አታውቅም።»

«እኔማ ለልጄ እግር እንድትጸልይልኝ እነግራታለሁ።»

ነገረችኝም። «ሕራይ፣ እሺ» አልኳት፤ ሌላ ምን እላለሁ? ከዚያ ወዲያ የማላውቀው ሰው ሲሞት እንኳ አደይን «ያቺን ጸሎተኛ ይዘውልን ይምጡ» ይሏቸው ጀመር። ጊዜ ለማትረፍ ያመጣሁት ዘዴ ጊዜዬን በላው። የሚገርመው፣ ከመናደድ ይልቅ ስሜ ከድንኳን ድንኳን እንዴት እንደሚሻገር ለማወቅ እጓጓ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሊገባደድ ሲል፣ ከቃኘው ሰፈር በኩል ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ፣ ፌርማታው ላይ አደይ «ነገም አንድ ቤት አለ» አሉኝ። ምዕራፉ ገና ግማሽ ነበር።

«ነገስ አልችልም፣ አደይ።»

«አመመሽ?»

«ደህና ነኝ። ተማሪ ነኝ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አንቺ አስተማሪ አይደለሽም እንዴ?»

«ሁለቱንም ነኝ። ስለ ገብስ እየጻፍኩ ነው። ድንኳን ውስጥ የማነበንበውም እሱን ነው፤ ጸሎት አይደለም።»

አውቶቡሱ መጣ፤ አልተሳፈሩም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አስለቀስኳቸው ብዬ ደነገጥኩ። ለካ እየሳቁ ነው።

«የዚያች ሴትዮ ልጅ እኮ እግሩ ዳነ!» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «በገብስ ነዋ!»

«እባክዎ ለማንም እንዳይነግሩብኝ።»

«ምን ብዬ ልንገር? ማንስ ያምነኛል?» ዓይናቸውን ጠረጉ። «በይ ነገ ቤትሽ ተቀመጪና ጻፊ። ድንኳኑ ውስጥ ስለ አንቺም እኔ እቀመጣለሁ። ግን ቶሎ ጨርሺው፣ ጓለይ፤ የሁለት ሰው ሐዘን ወገቤ አይችልም።»