በጭድ ሰው ላይ የተጻፈው ስም

ዶክተር ዋልቡርጋ ሄንስለር ቀልድ አይሆንላቸውም። ይህን የምለው ለማማት አይደለም፤ ሂንተርሞስ ከተማ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። አባታቸው የባቡር መስመር ጠባቂ ስለነበሩ ይሁን እንጃ፣ እሳቸውም ነገሩን ሁሉ በሰዓቱና በመስመሩ የሚፈልጉ ሰው ናቸው። በትምህርት ቤታችን ታሪክ ባስተማሩበት ዘመን ሁሉ ሲስቁ ያየሁ የሚል ተማሪ አላጋጠመኝም። ባል አላገቡም። ጡረታ ሲወጡ የአትክልት ቦታ ይይዛሉ ስንል፣ እሳቸው የያዙት አንድ ጥያቄ ነበር፤ የዛሬ አምስት መቶ ዓመት ግድም የዚህ አገር ገዢዎች የሕዝቡን ጨዋታ፣ ጭንብሉንና ጭፈራውን፣ ለሥልጣናቸው እንዴት ያውሉት ነበር?

ጥያቄው ዞሮ ዞሮ የእኛን ካርኒቫል፣ ከጾም በፊት የምናከብረውን የጭንብል በዓል፣ ነካ።

የእኛ ካርኒቫል የሚያበቃው በእሳት ነው። ጾም ሊገባ ሲል በገበያው አደባባይ የጭድ ሰው እናቆማለን። ይህ የጭድ ሰው ከዳተኛው ባለ ወፍጮ ነው። ገበሬዎቹ ባመፁበት ዘመን የከተማውን በር የከፈተላቸው እሱ ነው ተብሎ ተገድሏል፤ እኛም በየዓመቱ እየጨፈርን እናቃጥለዋለን። ስሙን ግን ማንም አያስታውስም ነበር።

የዶክተር ሄንስለር መጽሐፍ ወጣ። በሩን የከፈቱት የከተማው ሹማምንት ራሳቸው ናቸው ይላል። የአገሩ ገዢ የነበረው መስፍን ጦር ከተማውን መልሶ ሲይዝ ጥፋቱን በአንድ ምስኪን ላይ አላከኩት፤ ቃጠሎውንም ያስጀመሩት ሕዝቡ እየሳቀ ውሸቱን እንዲለምደው ነው። የምስኪኑ ስም ፋይት ሽትሮቤል ይባል ነበር።

ይህን ስሕተት የታሪክ ሰው ካልሆነ ማንም አይሠራውም። የሰውየውን ስም አጠራለሁ ብለው ስሙን ለከተማው አስታወሱት። ሽትሮቤሎች ደግሞ ዛሬም አሉ። የአደባባዩ ጥግ ላይ ያለው ልኳንዳ የእነሱ ነው፤ ቋሊማቸውን ያልበላ የለም።

መጽሐፉን ያነበበው ጥቂት ሰው ነው፤ የተናደደበት ግን ብዙ። “ካርኒቫላችንን ልትቀማን ነው” ተባለ። ካርኒቫሉን የሚመራው የሞኞች ማኅበር አለቃ፣ ጣሪያ ሠሪው ኤጎን ፍሪክ፣ በዚያ ዓመት በዓል የጭዱ ሰው ደረት ላይ ሰሌዳ አንጠለጠለበት። ሽትሮቤል ይላል፤ በትልልቅ ፊደል።

የልኳንዳው ባለቤት ልጅ ጉንደል በቃጠሎው ዕለት ዶክተር ሄንስለር ቤት መጣች። አልተቀመጠችም።

“አባቴ ከጠዋት ጀምሮ መጋረጃ ዘግቶ ተቀምጧል” አለች። “ሰዉ በመስኮት እያንኳኳ ‘በሩን ክፈትልን!’ ይለዋል። ለሳቅ ነው አሉ።”

“እኔ እኮ የጻፍኩት ንጹሕ እንደሆነ ነው።”

“ዶክተር፣ ሰሌዳው ላይ ንጹሕ የሚል የለም። በስማችን ከተቃጠለ ሱቁን እንሸጣለን። አባቴ ቆርጧል። በዚህ ዕድሜው ኡልም ከተማ ሄዶ የሰው ፎቅ ላይ ሊቀመጥ ነው።”

ጉንደል ከወጣች ብዙም ሳይቆይ ሁለት ጭንብል የለበሱ ሰዎች በሩን በዱላ ደበደቡ፤ ዶክተሯ በካርኒቫሉ የቀልድ ፍርድ ቤት፣ በሞኞች ችሎት፣ ተከሰዋል።

በዚያ ሰሞን እኛ ዘንድ ማንም ማንንም አንቱ አይልም። ከንቲባውም ቄሱም አንተ ናቸው። ተከሳሽ ክዳን በሌለው የቢራ በርሜል ውስጥ ገብቶ ይቆማል፤ ሁልጊዜም ይፈረድበታል። ቁም ነገር ሊናገር የሞከረ እንደሆነ በደወልና በከበሮ ድምፁ ይዋጣል። ደግሞ በበርሜሉ ውስጥ ያመኑት ጥፋት የራስ ነው፤ ችሎቱ መልሶ አይወስደውም። ዳቦ ጋጋሪው አንድ ዓመት ዝናቡን የማዘንበው እኔ ነኝ ብሎ ስላመነ፣ እስከ ዛሬ ልብሱ የበሰበሰ ሁሉ የሚሳደበው እሱን ነው።

አደባባዩ ጢም ብሎ ነበር። የጭዱ ሰው ከነሰሌዳው ቆሟል። ዶክተር ሄንስለር ግራጫ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ በሁለት ሰው ተደግፈው በርሜሉ ውስጥ ገቡ። ጉንደል ከእኔ አጠገብ ነበረች፤ ክንዴን ስትጨብጠው ተሰማኝ።

“ዶክተሯ ንግግር ይዘዋል?” አልኳት።

“ይዘዋል። ስንመጣ መንገድ ላይ አነበቡልኝ። ደወሉ ከመጀመሪያው መስመር አያሳልፋቸውም።”

ኤጎን የከሳሽ ቆቡን አስተካከለ። የድሮ ተማሪያቸው ነው።

“ዋልቡርጋ!” አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። “አንቺ የባቡር ጠባቂ ልጅ! ከዳተኛችንን ልትሰርቂ መጥተሻል። እሱን ከወሰድሽብን ምን እናቃጥል? አንቺን?”

“እሷ አትነድም፣ ደርቃለች እኮ!” አለ አንዱ ከኋላ። “ኧረ የደረቀማ ጥሩ ነው የሚነደው!” አለ ሌላው።

ዶክተሯ ወረቀታቸውን አወጡ። ደወል ያዢዎቹ ክንዳቸውን አነሡ። አንድ ጊዜ ወረቀቱን አዩ፤ አንድ ጊዜ የልኳንዳውን መጋረጃ አዩ። ከዚያ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

“ጥፋተኛ ነኝ” አሉ።

“በምን?” አለ ኤጎን።

“በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።”

ደወሎቹ ዝም አሉ። ቁም ነገር ይሁን ቀልድ ማንም አላወቀም። የእሳቸው ፊት ደግሞ ለሁለቱም ያው ነው።

“የዛሬ አምስት መቶ ዓመት?” አለ ኤጎን። “የት ነበርሽ አንቺ?”

“እዚሁ። አንተ ራስህ ሦስተኛው ዴስክ ላይ ሆነህ ‘ይቺ ሴትዮ ሁሉንም በዓይኗ ሳታየው አልቀረችም’ ስትል ሰምቼሃለሁ።”

መጀመሪያ የሳቀው ዳቦ ጋጋሪው ነው። ከዚያ አደባባዩ ሁሉ። ግማሹ ሰው በእሳቸው እጅ ያለፈ ነዋ!

“ገበሬዎቹ አንኳኩ፤ ከፈትኩ” አሉ ሳይስቁ። “እግራችሁን ጥረጉ አልኳቸው። አልጠረጉም። ከዚያ ወዲህ ነው የተናደድኩት።”

ኤጎን እየሳቀ እጁን ሊያወዛውዝ ሲል ቆመ። ገብቶታል። በርሜል ውስጥ የታመነ ጥፋት የአማኙ ነው፤ ከተማው ሁሉ ሰምቷል።

“ተይ እንጂ ዋልቡርጋ” አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። “ሰሌዳው ላይ የማን ስም እንደሚጻፍ ታውቂያለሽ?”

“ስሜ በፊደላችን ሲጻፍ ሁለት ኤስ አለው” አሉ። “ሁልጊዜ አንዱን ትገድፋለህ።”

ሕዝቡ “ጻፍ! ጻፍ!” ይል ጀመር። ኤጎን ወደ ማኅበሩ ሽማግሌዎች ዞረ። አንዱ ተቃወመ፤ ባለ ወፍጮው የአያቶቻችን ነው አለ። ሌላው ሕግ ሕግ ነው አለ። ሲከራከሩ ችቦው እየነደደ ነው፤ ጉንደል ክንዴን እስኪያመኝ ጨበጠችው። በመጨረሻ አንድ ሰው መሰላል ይዞ ወጣ፤ ሰሌዳውን ገልብጦ በከሰል ጻፈ። ሄንስለር።

ከበርሜሉ አወጣናቸው። ወደ ቤት እንሂድ ብንላቸው እምቢ አሉ። ጭዱ ተለኮሰ። ሕዝቡ እንደ ልማዱ እየዘለለ “ሄንስለር ይቃጠል! ሄንስለር ይቃጠል!” አለ። ክፋት የለበትም፤ ግማሹ እየወደዳቸው ነው የጮኸው። እሳቸው ግን ስማቸው በተጠራ ቁጥር ትከሻቸው ይኮማተር ነበር።

“በዚህ ቃጠሎ ላይ ሦስት ምዕራፍ ጽፌአለሁ” አሉኝ በጆሮዬ። “እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።”

እንግዲህ ልጆቻችን ከዚያ ወዲህ በሩን የከፈተችው አንዲት አስተማሪ ናት እያሉ ያድጋሉ። እውነቱን ለማውጣት የደከሙት ሴት በገዛ አፋቸው ሌላ ውሸት ጨመሩበት፤ ይህ እስከ ዛሬ ይከነክናቸዋል። የመጽሐፋቸው ሁለተኛ እትም ሲወጣ ይህን ውሸት አርሙት ብላቸው፣ “መጽሐፉ ትክክል ነው፤ የማይታረመው ከተማው ነው” አሉኝ።

ያን ቀን ግን ጭዱ ነድዶ ወገቡ ላይ ሲሰበር የልኳንዳው መጋረጃ ተከፈተ። የጉንደል አባት፣ ሽማግሌው ሎሬንዝ ሽትሮቤል፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣና ከሰዉ መሃል ቆመ። ማንም አላንኳኳበትም፣ ማንም ዘወር ብሎ አላየውም። እንደ ማንኛውም ሰው እጁን ወደ እሳቱ ዘርግቶ ሞቀ።