አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት

ባልደረቦቿ እጀ ወርቅ ይሏታል። የዓይን ሐኪም ናት፤ ምላጭ ይዛ ዓይን ውስጥ ስትገባ እጇ አይንቀጠቀጥም። አሁን በዓይን ብሌን ንቅለ ተከላና በግላኮማ ላይ ተጨማሪ ሥልጠና ገብታ፣ ለመጨረስ ጥቂት ሳምንት ቀርቷታል። ስትጨርስም እዚያው ሆስፒታል መምህር ሆና ልትቀር ነው። ግላኮማን የመረጠችው በአባቷ የተነሣ ነው። አባቷ ብርሃናቸው ሳይታወቃቸው እየሳሳ ሄዶ፣ ሞት እስኪወስዳቸው ድረስ ግድግዳ እየዳበሱ ነው የኖሩት።

ነገሩ የጀመረው ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ነው። በአንድ ወገን ታካሚዎች የሚጠብቁበት ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። አንድ ጠዋት አግዳሚው ባዶ ነበር። ልታልፈው ስትል «ዶክተር» የሚል ድምፅ ሰማች። ቁልቁል ብታይ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ከየት መጡ ብትላቸው፣ ከማለዳ ጀምሮ እዚሁ ነኝ አሏት። በማግስቱ ደግሞ አንዲት ሴት እንዲሁ ከባዶው ወንበር ላይ ብቅ አለች።

የአስከሬን ክፍሉ ዘበኛ ይህን ሲሰማ ቀልድ አገኘ። ከለጋሾች አስከሬን ላይ ብሌን የምታነሣው እሷ ስለሆነች፣ ባለቤቶቹ ዓይናቸውን ሊጠይቁ ተሰልፈው ይሆናል አላት። ጥርሷ ሳቀ እንጂ ሆዷ አልሳቀም። ብሌኖቹ በትንንሽ ጠርሙስ የሚቀመጡበት ፍሪጅ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ እዚያ ስትደርስ ማጅራቷን እየቀዘቀዛት እርምጃዋን ታፈጥን ጀመር። የተማረ ሰው ሲፈራ ደግሞ ማየት ነው! ለማንኛውም ብላ ባዶውን አግዳሚ «ደህና አደራችሁ» እያለች ማለፍ ለመደች። አንዳንድ ቀን ባዶው ይመልስላታል። ታካሚዎቹማ እንዲህ ያለች ትሑት ሐኪም አላየንም አሉ።

እናቷ ለምርመራ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ፊት ለፊት ተቀመጡና የጣት ምርመራውን ጀመረች። መሣሪያ አያሻውም፤ ሐኪምና ታካሚ ተፋጠው አንዳንድ ዓይናቸውን ይሸፍናሉ፤ ከዚያ ሐኪሙ ጣቱን ከዳር ወደ መሐል ያመጣል። ሐኪሙ አይቶት ታካሚው ካላየው፣ የታካሚው ዓይን ጎድሏል ማለት ነው። ሚዛኑ የሐኪሙ ዓይን ነው፤ ሚዛኑን ራሱን የሚመዝን የለም።

ጣቷን ከታች ወደ ላይ አመጣች።

«መጣ» አሉ እናቷ።

ገና አልመጣም። ዓይንሽን አታንቀሳቅሺ ብላ ቆጣ አለች፤ ሰሞኑን ታካሚው ሁሉ ሳይመጣ መጣ ማለት አብዝቷል። ደገመችው። እናቷም መጣ አሉ። እሷ ግን የሚታያት የእናቷ ሹራብና ቁልፎቹ ብቻ ናቸው።

«እማዬ፣ የለም እኮ» አለች።

እናቷ እጃቸውን ዘርግተው የሌለውን ጣት ያዙት። ሙቀታቸው ተሰማት፤ ዓይኗ ግን አሁንም ሹራቡን ብቻ ነው የሚያሳያት።

«ይኸው ይዤዋለሁ» አሉ እናቷ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ቅድም ሰው የተቀመጠበትን ወንበር እንደ ባዶ ስታዪው አይቼሻለሁ። አባትሽም እንዲህ ነበር የጀመረው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ልጄ።»

ክው ብላ ቀረች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው። ስንቱን ታካሚ አገጭህን መመርመሪያው ላይ አስደግፍ ስትል የራሷን አገጭ አንድ ቀን እንኳ አስደግፋ አታውቅም። ግላኮማ የሚበላው ከዳር ነው፤ መሐሉ ስላልተነካ በማይክሮስኮፕ ሥር እጇ አልሳተም። የጠፋው ከታች ያለው ነው፤ የጠፋውንም ቦታ አእምሮዋ በባዶ ወንበር እየሞላ ሲያታልላት ከርሟል።

ከዚያ አንድ ባልደረባዋ የእይታ መለኪያው ማሽን ላይ አስቀመጣት፤ እናቷ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ባልደረባዋ የክፍሉን መብራት አጠፋ። የማሽኑ ነጭ ጎድጓዳ ውስጥ ብልጭታ ስታይ ቁልፍ መጫን ነው። ማሽኑ አሮጌ ነው፤ ብልጭታ ባወጣ ቁጥር ጠቅ ይላል። ከላይ ከላይ ያሉትን ሁሉ አየች፣ ተጫነች። ከዚያ ብልጭታው ወደ ታች ወረደ። ጠቅ አለ፤ ምንም የለም። ደግሞ ጠቅ አለ። አንድ ሰው ጨለማው ውስጥ ሆኖ በር እንደሚያንኳኳ ድምፁ ብቻ ይመጣል።

ያኔ ነው ፈተናው የገባት። ድምፁን ተከትላ ብትጫን ውጤቷ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ ቀዶ ሕክምናዋንም መምህርነቷንም የሚነካባት የለም። ሕክምና ሳታገኝ ከከረመች ግን መሐሉም ይሄዳል፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። እጀ ወርቅነቷን ለቅቃ ምን ሆና ትኖራለች? አለቀሰች፤ ድምፅ ግን አላወጣችም። አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ ነው። ጠቅ ሲል ሊጫን ተወጠረ።

አነሣችው።

«እንቅልፍ ወሰደሽ እንዴ? ለምን አትጫኚም?» አለ ባልደረባዋ።

«አይታየኝም» አለችው።

ማሽኑ ጠቅ ጠቅ ማለቱን ቀጠለ።