ትከሻው ላይ የቀረችው እጄ

ዲቪ ገና አዲስ ወሬ በነበረበት ጊዜ ነው። ሌክ ሲቲ በሚባል የፈረንጅ አገር ሰፈር፣ የቀድሞ ባሌ እህት ቤት፣ ከሶፋው በላይ የድሮ የምጽዋ ፎቶ ተሰቅሎ ነበር። የባሕሩ ዳር ሆቴሎች፣ ጃንጥላዎቹ፣ ከኋላ ነጩ የመብራት ማማ፤ ከፊት ባሌ፣ ሸሚዙን ከፍቶ ሲስቅ። ከጎኑ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። አሁን ግን የለሁም። ስንፋታ በመቀስ ቆርጣ አወጣችኝና ባዶውን ቦታ በሰማያዊ ወረቀት ደፈነችው። የተፋታ ሰው ከፎቶ ይቆረጥ የለ? ያፋታችንም እሷው ናት፤ ዘሯ አይታወቅም ብላ።

መቀሱ ግን አንድ ነገር ስቷል። ትከሻው ላይ ያረፈችው እጄ ከነጣቶቿ ቀርታለች። እሷን ብትቆርጥ የወንድሟ ትከሻ ይጎድልባታላ።

የልጄ ልጅ ወንድ አያቷን በዚያ ፎቶ ብቻ ነው የምታውቀው፤ ሳትወለድ ነው የሞተው። አንድ ቀን ትከሻው ላይ ያለው እጅ የማን እንደሆነ የባሌን እህት ጠየቀቻት።

"የእኔ ነው" አለቻት፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

እኔ ልጅቷን ይዤ መጥቼ፣ ኩሽና ሆኜ ሰማሁ። ሰው ገር ናት ይለኛል፤ ገርነቴ ግን ጥርስ አለው።

እግሬም አያርፍም። ሲታክ ሰፈር ካለው ከልጄ ቤት አውቶቡስ እየያዝኩ፣ ዴ ሞይን በሚባለው የባሕር ዳርቻ ስዞር ከረምኩ። ፎቶውን ሰርቄ ከነመስታወቱ እዚያ ውሃ ውስጥ ልጥለውም አስቤ ነበር። ኋላ ግን የተሻለ መጣልኝ።

የፋሲካ ዕለት ቤቷ በእንግዳ ሞላ። ፎቶውን አወረድኩና የልጅ ልጄን ጠራኋት። ትንሿ ጣቴ በልጅነቴ በር ቆልምሟት ወደ ውጭ የዞረች ናት። እጄን ከፎቶው እጅ ጎን ዘረጋሁላት።

ልጅቷ አንዴ ወደዚያ፣ አንዴ ወደዚህ አየች። "ሴም ፊንገር" አለች፤ ያው ጣት ነው ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞራ፣ "ያንቺን አሳዪኝ" አለቻት።

ሴትዮዋ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

"እትዬ፣ እጅዎን ምን ደበቁት?" አሉ አንድ ሽማግሌ። "የዶሮውን እንቁላል ይዘዋል እንዴ?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም፤ ፊቷን ነበር የማየው።

ልሄድ ስነሣ ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልላ በር ላይ ጠበቀችኝ። ውሰጂው አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"አልወስድም፤ መልሰሽ ስቀዪው" አልኳት። "በየበዓሉ እየመጣሁ ከሥሩ እቀመጣለሁ።"

እስካሁን አንድ በዓል አልቀረሁም። ሻይ ስታቀብለኝ ዓይኗ ወደ ጣቴ ይሄዳል። እኔም ስኒውን ትንሿን ጣቴን ቀስሬ ነው የምይዘው።