አፀደና የጋሽ ካሣዬ ሁለት መኪኖች

ያን ቅዳሜ ያየሁትን ለባለቤቴ ስነግረው አላመነኝም። «እትዬ በቀለች? የትኛዋ በቀለች?» አለኝ። የገብረ ማርያም እናት ናቸዋ! አሰላ ውስጥ ሌላ ማን በቀለች አለ? እኔም ብሆን በዓይኔ ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከአፀደ ነውና ከእሷ ልጀምር።

አፀደ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት፤ አሁንም አጥር ለአጥር እንኖራለን። ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ስንወጣ እኔ ዴራ፣ እሷ ሳጉሬ ገጠር ተመደብን። እኔ ከዴራ ይዤ የተመለስኩት ወባ ነው። እሷ ግን የቆዳ ሥራ ይዛ መጣች። ያረፈችበት ቤት እመቤት ሀሊሜ የምትባል ሴት ነበረች፤ ቆዳ አልፍታ፣ በጨሌና በዛጎል አስጊጣ፣ የሙሽራ ቀሚስ የምትሰፋ። በሀሊሜ አገር ይህ የሚያስከብር የሴት ሙያ ነው። አፀደ ፊደል አስቆጠረቻት፣ ሀሊሜ ወስፌ አስጨበጠቻት። ማን ማንን የበለጠ እንዳስተማረ እንጃ።

ዘመቻው አልቆ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሰን፣ አፀደ እርሻ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆና ተቀጠረች። ከቢሮ ስትወጣ ግን የምትይዘው ቆዳዋን ነው። ቀበቶ ትሠራለች፣ የእጅ ቦርሳ ትሠራለች፣ የሕፃን ጫማ ትሠራለች። አትሸጥም፤ ደስ ላላት ሰው ትሰጣለች። የልጄ የመጀመሪያ ጫማ የእጇ ሥራ ነው።

ወፍራም ቆዳ በእጅ ሲሰፋ ክሩን በሁለት እጅ አጥብቆ መጎተት አለ። የእጇ አንጓ አበጠ። ታይፕ መምታት እስኪያቅታት አበጠ። ሐኪም ቤት ብትሄድ «ወይ ወስፌውን ተዪ፣ ወይ ታይፑን» አሏት። ታይፑ እንጀራዋ ነው፣ ምን ታድርግ፤ ወስፌውን ተወች። ከዚያ በኋላ ሰውነቷ ነው እንጂ መንፈሷ ቤት አልነበረም። «የስፌት መኪና ብትገዢስ?» ያልኳት እኔ ነኝ። በእኔ የልብስ መኪና ሞክረን ነበር፤ መርፌውን ሰብረን ተውነው። የሚያስፈልጋት የባለ ሥራ መኪና ነበር፣ ቆዳ የሚበሳ።

እዚህ ላይ ነው እትዬ በቀለች የሚመጡት። አፀደ ከልጃቸው ከገብረ ማርያም ጋር ቀለበት አስራለች፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ገብረ ማርያም ዴራ ነው የሚሠራው። ጥሩ ልጅ ነው፣ ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች፤ ግን እናቱ እንቢ ያሉትን አያደርግም። የእትዬ በቀለች አያቶች ከሸዋ መጥተው እዚህ መሬት የያዙ ናቸው። መሬቱን አዋጁ ወሰደው፤ ኩራቱን አልወሰደውም። በእሳቸው ቤት ቆዳ የሚነካ ሰው ፋቂ ነው፣ አለቀ። በቀበሌ ስብሰባ «ከእንግዲህ ሠርቶ አደሩን ፋቂ፣ ቀጥቃጭ ብሎ መስደብ ክልክል ነው» ሲባል ያጨበጭባሉ፤ ቤታቸው ሲደርሱ እጃቸውን ይታጠባሉ።

አፀደን የታገሷት «የተማረች ልጅ ጨዋታ ነው» ብለው ነበር። የመኪናውን ወሬ ሲሰሙ ግን ጠሩን። «በእጅ ሲሆን ጨዋታ ነው፤ መኪና ከገባ ሙያ ነው» አሉ። «ሙያ ከሆነ ደግሞ የልጄ ሚስት ምን ተብላ ልትጠራ ነው?»

ስንለምን፣ ስንለምን፣ አንድ ነገር ፈቀዱ። አብረውን ሄደው ያዩታል። መኪናው የልብስ ሰፊ መኪና ከመሰለ ይሁን። የጫማ ሰፊ ከመሰለ ሠርጉ ቀረ። አፀደ አንገቷን ደፍታ ሰማች፤ እሺም እንቢም አላለችም።

የሚሸጠው ጋሽ ካሣዬ ጋ ነበር። ከገበያው በታች ዕድሜያቸውን ሁሉ ጫማ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁሩታ ያለችው ልጃቸው ወስዳ ልታኖራቸው ስለሆነ፣ ካሏቸው ሁለት መኪኖች አንዱን ይዘው፣ አንዱን ሸጠው ሊሄዱ ነበር። «መርጣችሁ ውሰዱ፤ የተረፈው የእኔ ነው» አሉን።

በባለ ጋሪው በቱፋ ጋሪ ሄድን፤ መኪናውንም እሱ እንዲያደርስልን። እኔ ልጄን አዝያለሁ። እትዬ በቀለች ጥለቱ የሰፋ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ደጃፉን ሲያልፉ የነጠላቸውን ጫፍ ሰብሰብ አደረጉ። ጋሽ ካሣዬ ወንበር አቀረቡ።

«ቆሜ ይሻለኛል፤ ወገቤን ያመኛል።»

ውሃ በብርጭቆ መጣ።

«ጾም ነኝ።»

በቅዳሜ! ዐቢይ ጾም ገና ሳይገባ! ጋሽ ካሣዬ ሳቅ አሉና ብርጭቆውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት። «ለቅዳሜም ጾም ወጣለት? እንግዲያው ሲፈታ ይጠጡታል» አሉ። እኔ ልጄን የማባብል መስዬ ዞር አልኩ።

መኪኖቹ ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛው አረንጓዴ ነው፤ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ተሠርቶ ከሥሩ ሞተር አለው። ድንኳን ይሰፋበት ነበር አሉ። ሁለተኛው ጥቁርና አሮጌ፣ ጠረጴዛ የሌለው፣ ቀጭን የብረት ክንዱን ወደ ፊት የዘረጋ፣ ጎኑ ላይ በእጅ የሚዞር መዘውር ያለው ነው። ማንም ሰው፣ ሕፃንም ቢሆን፣ የጫማ ሰፊ መሆኑን ያውቃል።

እትዬ በቀለች ፊታቸው በራ። «ይኸዋ! ጠረጴዛ አለው። ዳንቴል ጣል ይደረግበታል፣ ሬዲዮ ይቀመጥበታል፤ ማን ምን ያውቃል?» ጥቁሩንም በዓይናቸው ገረፍ አድርገው «ይሄስ ሞቶ ቀባሪ ያጣ ነው» አሉ።

እውነት ለመናገር እኔም በሆዴ አረንጓዴውን መርጬ ነበር። «ውሰጂው፤ ሠርጉ ይለፍ እንጂ» ብዬ አንሾካሾክሁላት።

«ቆዳ ሳልሰፋበት አልመርጥም» አለች።

ከዘንቢሏ በማስቲሽ ያጣበቀችውን ድርብ የበሬ ቆዳ አወጣች። መጀመሪያ ከጥቁሩ ኋላ ተቀመጠች። መዘውሩን በእጇ አዞረች፤ ጥ… ጥ… ጥ… እያለ ሄደ። መርፌው አጠገብ ያለው የብረት እግር ቆዳውን ከላይ ረገጥ አድርጎ ይራመዳል፤ ወደ ግራ ስትፈልግ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስትፈልግ ወደ ቀኝ። ሰፍታ ያልጨረሰችውን የሕፃን ጫማ ክንዱ ላይ አጠለቀችና ዙሪያውን ሰፋችው። ያን ጊዜ ፊቷን ብታዩት! ጋሽ ካሣዬ ግን ጉድለቱን አልደበቁም፤ «የታች ክር መጠቅለያው ጥቂት ነው የሚይዘው፣ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ለችኩል አይሆንም» አሉ።

«በቃ፣ በቃ፣ አሁን የሰው መኪና ሞክሪ» አሉ እትዬ በቀለች። አረንጓዴው ላይ ጎንበስ ብለው ጠረጴዛውን በእጃቸው ይዳብሳሉ። የነጠላቸው ጫፍ ቆዳው አጠገብ ተዘርግቷል።

«ራቅ ይበሉ፣ እመቤቴ። ይሄ ሞተር አመለኛ ነው» አሉ ጋሽ ካሣዬ።

«አንተ ሥራህን ሥራ!»

አፀደ ፔዳሉን ነካ አደረገችው። ነካ ብቻ! ሞተሩ ጓ! ብሎ ጮኸ፤ ቆዳውን ከእጇ መንጭቆ ተፈተለከ። ደንግጣ እግሯን በማንሳት ፈንታ ጭራሽ ረገጠችው። ያን ጊዜ ጥለቱ ከቆዳው ጋር ተነክሶ ገባ። ነጠላው በእትዬ በቀለች አንገት ላይ ዞሮ ስለነበር፣ ማርያም ትመስክር፣ ጭንቅላታቸው ወደ መርፌው ሲጎተት አየሁ። «ኡኡ! ወላዲቷ!» ልጄ ጀርባዬ ላይ ጮኸ።

ጋሽ ካሣዬ በአንድ እጃቸው የጫማ ቢላዋ ይዘው ነጠላውን ከእትዬ በቀለች አንገት ሥር ቀደዱት፤ በሌላው ደረታቸውን አቅፈው ወደ ኋላ ጎተቱ። አፀደም እግሯ ተነሣላትና ሞተሩ ጸጥ አለ።

እትዬ በቀለች በዚያ ሰው ክንድ ላይ ተደግፈው ቀሩ። ቅድም እንቢ ባሉት ወንበር ላይ ጋሽ ካሣዬ አስቀመጧቸው፣ ብርጭቆውን አንሥተው ወደ አፋቸው አስጠጉላቸው። ጠጡት። እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠጡት! አፌን በእጄ ያዝኩ። ጋሽ ካሣዬ ባዶውን ብርጭቆ ተቀብለው፣ ቀስ ብለው፣ «እንኳን አደረሰዎ» አሉ።

ጥለቱ ከበሬው ቆዳ ጋር ተሰፍቶ ቀርቷል፤ በሰው ጉልበት የሚላቀቅ አይደለም። ጋሽ ካሣዬ ቆዳውን ገልብጠው አሳዩን፤ የመኪናው ጥርስ ከሥር ነክሶ ነክሶ አበላሽቶታል። «ለሸራ ግሩም ነው። ለቆዳ ግን እንዲህ ነው» አሉ።

«ይሄ አውሬ ልጄ ቤት አይገባም!» አሉ እትዬ በቀለች። ካሉ በኋላ ያሉት ገባቸው። የቀረው ጥቁሩ ብቻ ነበር። «እንግዲያው ያኛው ጓዳ ይግባ፣ በመጋረጃ ጀርባ። ለጠየቀ ሰው የልብስ መኪና ነው ይባላል» አሉ።

እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ሠርጉም መኪናውም ተገኘ! አፀደን ግን ልብ በሉልኝ።

«አይሆንም፣ እማማ» አለች። «ጓዳው ጨለማ ነው፤ መርፌው አይታየኝም። መንገድ የሚያየው መስኮት ሥር ነው የማስቀምጠው። ለጠየቀኝም የጫማ መኪና ነው እላለሁ። ይህ ካልሆነልዎ አሁን ይንገሩኝ፤ ቀለበቱን ለገብረ ማርያም ራሴ እመልስለታለሁ።»

ክው አልኩ። ገብረ ማርያምን እንዴት እንደምትወደው ከእኔ በላይ ማን ያውቃል! እትዬ በቀለች አተኩረው አዩዋት፣ ተነሡ፣ ወጡ። አበቃ አልኩ በልቤ። ስንወጣ ግን ጋሪው ላይ ፊታቸውን አዙረው ተቀምጠዋል። አፀደ ለጋሽ ካሣዬ ጥቁሩን ጠቆመቻቸው። እሳቸውና ቱፋ ተሸክመው ጫኑት። እትዬ በቀለች ይጫን አላሉም፣ አይጫን አላሉም።

መንገዳችን በቀበሌው ሱቅ ደጃፍ ነው። ለስኳር የተሰለፈው ሰው እስከ ማዶ ደርሷል፤ ከመሃሉ የሺሃረግ አለች፣ የሰው ገመና ከስኳር የሚጣፍጣት ሴት።

«እትዬ በቀለች! ነጠላዎን ምን በላው? ያ ጥቁር ነገርስ ምንድን ነው?»

ሰልፉ በሙሉ ዞረ። ቱፋ ደግሞ፣ ጆሮው ወሬ ይወዳል፣ ፈረሱን አቆመው። አፀደ ልትመልስ አፏን ስትከፍት የእትዬ በቀለች እጅ ጉልበቷን ያዘ። የልብስ መኪና ነው ካሉ አፀደ በሰው ፊት ታስተባብላቸዋለች፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ያከትማል።

«የጫማ መኪና ነው» አሉ እትዬ በቀለች።

«የምን? የማን?»

«የጫማ! የምራቴ ነው። ያንቺም ጫማ ሲቀደድ እንደ ስኳሩ ተሰልፈሽ ትመጫለሽ። ንዳ፣ ቱፋ!»

«ያ ረቢ!» አለ ቱፋ፤ አለንጋውን አነሣ። ከኋላችን አንዱ ሲስቅ፣ አንዱ ሲያፏጭ ይሰማል። የሺሃረግ ምን እንዳለች አልሰማሁም።

ማዕዘኑን ስናልፍ እትዬ በቀለች ክንዴን ጨመደዱኝ። «ምን አልኩ እኔ? አንቺ፣ ምን አልኩ?» አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ ወደ አፀደ ዞሩ።

«ለገብረ ማርያም የምነግረው እኔ ነኝ። አንቺ ትንፍሽ እንዳትዪ። ካንቺ ከሰማው የተቆጣሁ ይመስለዋል።»

አፀደ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። መንገዱ ኮረኮንች ነበርና መኪናው እንዳይንሸራተትባት በሁለት እጇ አቅፋዋለች፤ እንባዋን እንኳ የምትጠርግበት እጅ አልነበራትም።