መሰላሉ ለማን ነው?

እኔ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ። መርካቶን ያወቅኳት ከቆጣሪ ወደ ቆጣሪ ስዞር ነው። ቅርንጫፋችን አዲስ የቡድን መሪ የመጣች ጊዜ ዓይኔ ከእሷ ላይ አልነቀል አለ። ከምታዛቸው ግማሾቹ እኩዮቿ፣ ግማሾቹ አባቷ የሚሆኑ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ወደ ቢሮዋ ሲገቡ ከወንበሯ ትነሳላቸዋለች። ይቺ ልጅ እየተነሳች እንዴት ልታዛቸው ነው? እያልኩ እገረም ነበር።

ጡረታቸው የተቃረበ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ አሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚናገር ግን የለም። የቫልቭ ጉድጓድ ሲከፈት ወጣቶቹ ሽቅድድም ይዘው ዘለው ይገባሉ፤ እሳቸው ከላይ ሆነው መፍቻ ያቀብላሉ። በቃ፣ እንዲህ ነበር የሚሠራው።

አለቃችን ግን ነገሩ በሌላ ታያት። በዕድሜ የተለያዩ ሠራተኞችን ስለመምራት ስልጠና ተልካ በተመለሰች ማግስት፣ "ጋሼን ለምንድን ነው ዳር የምታስቀምጧቸው? ሥራቸውን እየቀማችኋቸው እኮ ነው! ከዛሬ ጀምሮ በተራ ነው የሚገባው" አለች።

ወጣቶቹ ተያዩ። እሳቸው፣ "ልክ ብላለች" ብለው መፍቻቸውን አነሱ። ምን ይበሉ?

ተራቸው የደረሰው ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ጉድጓድ ሲከፈት ነው። እኔ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ቆጣሪ ላነብ ሄጄ፣ ማንበቡን ትቼ ቆምኩ። ገቡ፤ ቫልቩንም አስተካከሉት። መውጣቱ ነው የቸገረው። ወጣቶቹ በክንዳቸው ተስበው የሚወጡበትን የጉድጓዱን ጠርዝ እሳቸውም ያዙ፣ ለቀቁ፤ ደግመው ያዙ፣ ለቀቁ። ሰዉ ተሰበሰበ።

"ጋሼ፣ እዚያ ቤት ተከራዩ እንዴ?" አለ አንድ ተሸካሚ።

"ረከሰልኝ!" አሉ ከታች፣ እያለከለኩ።

አንዱ ወጣት ገመድ ሊያመጣ ሲል፣ ሥራውን ልታይ የመጣችው አለቃችን ፊቷ ተለዋወጠ። ያኔ ገባት። ያን ሁሉ ዘመን በሠሩበት ገበያ መሀል እንደ ጆንያ ከተጎተቱ፣ ነገ ቢሮ ብቅ እንደማይሉ እኔም አውቄዋለሁ። ቦርሳዋን አስይዛኝ ዘላ ገባች።

ማውራታቸው ይሰማል፤ የሚያወሩት ግን አይለይም። አጎንብሼ ጆሮዬን ብደቅን ባለሱቁ፣ "እትዬ፣ እርስዎም ሊገቡ ነው? ሞልቷል!" ብሎ አሳቀብኝ።

ትንሽ ቆይቶ ከታች ጮኸች፦ "መሰላል ፈልጉልኝ! ጫማዬ እያንሸራተተኝ መውጣት አቃተኝ!"

ባለሱቁ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ የሚያወርድበትን የእንጨት መሰላል አመጣ። እሷ ቀድማ ወጣች። እሳቸው ቀስ ብለው ተከተሉና ቱታቸውን እያራገፉ፣ "አለቃችንን ብቻዋን ትቼ ልውጣ እንዴ?" አሉ። ሰዉ ስቆ ተበተነ።

እኔ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ያወሩትን ካልሰማሁ እንቅልፍ የሚወስደኝ አልመሰለኝም። ቢሮ ስንመለስ፣ "ጋሼ፣ ምን አለችዎት?" አልኳቸው።

"ገብታ አጠገቤ ስትቆም፣ በቃ ቢሮ ልታስቀምጠኝ ነው ብዬ ነበር። እሷ ግን፣ 'ያስቸገረዎት ጉልበትዎ ነው ወይስ እጅዎ?' አለችኝ። ጉልበቴ አልኳት። 'እጅዎስ?' አለችኝ። እጄማ ምን ሆኖ! አልኳት። 'እንግዲያው የጎደለን መሰላል ነው' አለችኝ።"

በማግስቱ ከመጋዘን መሰላል ወጥቶ ፒካፓችን ላይ ታሰረ። አውቶቡስ ተራ አካባቢ ጉድጓድ ተከፈተ፤ አንዱ ወጣት እንደ ልማዱ ሊዘል ሲል ጋሼ ክንዱን ያዙት።

"ተራህ ነው እንዴ?" አሉትና መሰላሉን አስይዘውት ወረዱ።