ጣት የማያስገባው ማግኔት

ባለፈው ሳምንት ለወገቤ ኤምአርአይ የሚባለው የማግኔት ምርመራ ታዝዞልኝ ማሽኑ ውስጥ ተጋደምኩ። ባለሙያዋ «እንዳይንቀሳቀሱ» ብላኝ ወጣች። ያ የሚደበድብ ድምፅ ሲጀምር አባቴ ትዝ አሉኝና እንባዬ በጆሮዬ በኩል ወረደ። መጥረግ እንኳ አይፈቀድም።

ባጃጅ ከተማችንን ዳንግላን ወርሮ የአባቴን ጋሪ ተሳፋሪ በሚቀማበት ዘመን፣ እኔ አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። ሥራዬ ዜኦላይት በሚባል ማዕድን ላይ ነው። ዱቄቱ ለዓይን ድፍን ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሞለኪውል ብቻ በሚያሾልኩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። እዚያ የገቡት ሞለኪውሎች ምን ያህል እንደሚጓዙ በማግኔት እለካለሁ። ለፋሲካ ቤት ስመጣ አባቴ ሥራዬን ቢጠይቁኝ፣ «ማሽኑ ሳይሰብር ሳይቀድ የነገሩን ውስጥ ያሳያል» አልኳቸው። በማግስቱ ጋሪ ተራ ያልሰማ አልነበረም።

በክረምት ስመለስ መንገዱ ጭቃ ነበር። አባቴን እንደ ወትሮው መናኸሪያ ቆመው አላገኘኋቸውም። ቤት፣ የታጠበ ልብስ ለብሰው ተኝተዋል፤ እናቴ ለመንገድ የጋገረችው ድፎ ዳቦ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። እግራቸው ከደነዘዘ ከርሟል። ጤና ጣቢያ «ባሕር ዳር ሄደው በማግኔት ይታዩ» ቢሏቸው፣ «ማግኔቱማ ልጄ ዘንድ አለ፤ ይምጣና ይወስደኛል» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ትምህርቴ እንዳይበላሽ ለእኔ እንዳይነገርም ከልክለዋል።

«መጣህልኝ? በል ውሰደኝ» አሉኝ።

«አባባ፣ የኔ ማሽን ሰው አያይም።»

«ሰው ካላየ ምን ያያል?»

«ዱቄት። ይቺን ጣት እንኳ አያስገባም» ብዬ ትንሿን ጣቴን አሳየኋቸው።

ያዝ አድርገው አዩዋት። እናቴ ዳቦውን በጨርቅ መጠቅለል ቀጠለች።

በማግስቱ ተሸክመን ሚኒባስ ላይ ስናስገባቸው ጮኼ ማልቀስ አማረኝ። መንገድ ላይ ስለ ዱቄቱ ቀዳዳዎች ስነግራቸው፣ «ያ ቀዳዳ ውስጥ የገባው ነገር መልሶ ይወጣል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ይወጣል፤ ግን ቀስ ብሎ።»

«እንግዲያ እኔም ቀስ ብዬ እነሳለኋ!»

ባሕር ዳር ሐኪሙ ፊልሙን አይቶ «ምነው ይህን ያህል ቆያችሁ?» አለን። አከርካሪያቸው ውስጥ ያደገ ዕጢ ነርቫቸውን ተጭኖ ከርሞ ኖሯል። ቀዶ ጥገናው ሕይወታቸውን አተረፈ፤ እግራቸውን ግን አልመለሰም።

ከዚያ በኋላ ዓመታት ተኝተው ኖረው አረፉ፤ አንድም ቀን አልወቀሱኝም። እኔም በዚያው ልኬት ተመርቄ ዛሬ አስተምራለሁ፤ ልኬቱ ትክክል ነበር። አባቴ የዘገዩት ሐኪም ፈርተው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። በእኔ ኮርተው ነው የቆዩት።