በቡና አልጋ የደረቁት ካሴቶች

ሙዚቃ ቤት የገባሁት ለጽዳት ነው። ሚዛን ተፈሪ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጋሽ ከማል የሚባሉ የጅማ ሰው ካሴት ይሸጡና ይቀዱ ነበር። በመጀመሪያው ቀን መጥረጊያና እርጥብ ጨርቅ ይዤ ስገባ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ካሴት ነው። ጠረጴዛው ላይ መቅጃ ዴኮች ተደርድረው ቀይ መብራታቸው ቦግ ብሏል። እኔ ደግሞ ኤሌክትሪክ እፈራለሁ። በሩ ላይ ቀረሁ።

«ምን ሆንሽ?» አሉኝ ጋሽ ከማል።

«ይይዘኝ ይሆን ብዬ ነው።»

«ሶኬቱን ነቅለሽ ጥረጊዋ!»

«እሱንም እፈራለሁ።»

ሳቁብኝና ራሳቸው ተነሥተው ነቀሉልኝ። ከዚያ ስንጥር ላይ ጥጥ ጠቅልለው፣ አልኮል ነክረው፣ የዴኩ ሄድ እንዴት እንደሚጸዳ አሳዩኝ። ሄድ የሚባለው ቴፑ እየታከከው የሚያልፍ፣ ድምፁን የሚያነብ ትንሽ ብረት ነው። ሲጭሩት ይበላሻል። ቀስ ብዬ ስጠርግ ቆመው አዩኝና፣ «የሚፈራ እጅ ጥሩ ነው፤ አይቸኩልም» አሉ። ለወለሉ ተቀጥሬ በዚያው ቀን የሄድ ጠራጊ ሆንኩ።

ሙዚቃ ቤት ውስጥም ማዕረግ አለ። መጀመሪያ ጠራጊ ነሽ። ቀጥሎ ጠምዛዥ፣ የተዝረከረከ ቴፕ በእስክሪብቶ የምትጠመዝዥ። ከዚያ ቀጂ፣ ከዚያ ሻጭ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የካሴት ጀርባ ለማንበብ ይበቃል። ልጄን ትዕግሥትን አዝዬ ነው ጠምዛዥ የሆንኩት፤ በእግሯ ስትሄድ ቀጂ ሆኜ ነበር። አባቷ አልነበረም፤ እሱን ተዉት።

የእኛ አገር ዝናብ የካሴት ጠላት ነው። ከርሞ ከርሞ ቴፑ ጠርዝ ላይ ነጭ ሻጋታ ይወጣል። የጋሽ ከማል ሕግ አንድ ነበር፤ የሻገተ ካሴት ሳይጸዳ ዴክ ውስጥ አይገባም። ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታል። አንድ ደንበኛ «ቶሎ ቅጂልኝ እንጂ፣ ሚኒባሱ ሊሄድብኝ ነው» ብሎ ሲቆጣኝ፣ እኔ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ መሀል ቴፑን እያሳለፍኩ፣ «ሚኒባሱ ነገም አለ፤ ቴፑ ግን የለም» እለው ነበር።

ካሴት በሲዲ ተተካ። ሲዲ ደግሞ ወዲያው በፍላሽና በሞባይል ሚሞሪ። ጋሽ ከማል ደከማቸውና ጅማ ወደ ዘመዶቻቸው ሲገቡ ቤቱን ለእኔ ተዉልኝ። ያኔ ኮምፒዩተር ማስገባት ግድ ሆነ። ዕቃው መጥቶ ለብዙ ቀን አልከፈትኩትም። ትዕግሥት ኮሌጅ ነበረች፤ በስልክ ነው ያስተማረችኝ።

«እማ፣ ማውሱን ያዢው።»

«ያዝኩት።»

«ፎልደሩ ላይ ሁለቴ ምቺ።»

«ቢጠፋስ?»

«አይጠፋም፤ ደግሞም አይነክስም።»

«ከጠፋ አንቺ ነሽ ተጠያቂዋ።»

እንዲህ እየተባባልን ተማርኩ። ፍርሃቴ ግን አልተወኝም። አንድ ፋይል ስይዝ ሌላ ቦታ ቅጂውን ሳላስቀምጥ እንቅልፍ የለኝም ነበር። አጠገቤ ኮምፒዩተር የሚጠግን አቤል የሚባል ወጣት ነበር። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ሁሉ ላፕቶፓቸውን የሚያመጡት ለእሱ ነው፤ እጁ የተባረከ። «እትዬ ዘነብ፣ እርስዎ እኮ ዶሮም ቢኖርዎት ቅጂዋን ያስቀምጣሉ» ይለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ጋሽ ታደሰ ከሸኮ መጡ። በየጤና ጣቢያው ሲዘዋወሩ ያረጁ ድሬሰር ናቸው፤ ማጂም፣ ሸኮም፣ ሚዛንም ሠርተዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሸኮ ቡናቸውን ይዘው ተቀመጡ። በደረሱበት ሁሉ በትንሽ ቴፕ የሰርግና የሥራ ዘፈን መቅዳት ልማዳቸው ነበር። የቡና ጆንያ ተሸክመው ገቡና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። ካሴት ነው።

«ልጆቼ ኮምፒዩተር እንግዛልህና ሁሉም እሱ ውስጥ ይግባ ይሉኛል። ምን ዓይነት እንደሆነ እነሱም አላወቁ፣ እኔም አላውቅ። አንቺ ምረጪልኝ፣ አንቺው አስገቢልኝ።»

አንዱን ካሴት አነሣሁ። ተንሻፏል። ሌላውም እንደዚያው።

«ጋሼ፣ ምን አገኛቸው?»

«ሻጋታ ይዟቸው ነበር። ከቡናው ጋር አልጋ ላይ አሰጣኋቸው።»

«የቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ? ፀሐይ ላይ?»

«ታዲያ እርጥብ ነገር በምን ይደርቃል? ዝም ብዬ አልተውኳቸውም፤ እንደ ጀንፈሉ ቡና እያገላበጥኩ ነው ያደረቅኳቸው!»

ይህን ሲሉ ደረታቸው ተነፍቶ ነበር። ምን ልበላቸው? ዕድሜ ልኩን ቡና ያደረቀ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል። ፕላስቲኩ በሙቀት ተጣሟል፤ ውስጥ ያለው ቴፕ ግን አብዛኛው ደህና ነበር።

ከኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ አንድ ካሴት አወጡ። እሱም ተጣሟል።

«ይቺ አስካለ ናት» አሉ።

አስካለ ባለቤታቸው ናት፤ የሸኮ ልጅ፤ ከሞተች ቆይታለች። ማጂ ሳሉ የመጀመሪያ ልጃቸውን እያባበለች በሸኮ ቋንቋ ስትዘፍን ቀድተዋታል። ሌላ የተቀዳ ድምፅ የላትም። ልጆቹ ፎቶዋን እንጂ ድምፅዋን አያውቁትም፤ የልጅ ልጆቹማ ቋንቋውንም አያውቁት።

«ጋሼ፣ ይሄን እኔ አልነካም።»

«ማን ይንካው ታዲያ?»

ካሴቱን ከነመሐረቡ ተቀበልኩ። ሚዛን ውስጥ በካሴት ሥራ ላይ የቀረሁት እኔ ነበርኩ።

መጀመሪያ ዕቃውን መምረጥ ነበረብን። አቤል ትልቅ ዴስክቶፕ፣ ትልቅ ስፒከር፣ ሰፊ ስክሪን ይሁን አለ። እኔ ቤታቸውን ሳላይ አልመርጥም ብዬ ሸኮ ሄድኩ። አየሁ። መብራት ይመጣል ይጠፋል። ግድግዳው በክረምት ያልበዋል። ጋሽ ታደሰ ስክሪን ላይ ለማንበብ አፍንጫቸውን ሊያስነኩ ይደርሳሉ።

ተመልሼ «ላፕቶፕ ይሁን። መብራት ሲሄድ በባትሪው ይሠራል፤ ሲበቃቸው ዘግተው ርጥበት እንዳይነካው ሳጥን ውስጥ ያስገቡታል» አልኩት።

«እትዬ፣ ላፕቶፕ ካሴት ለመቀበል አይሆንም። ያለው የማይክ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ የግራና የቀኙን ድምፅ አንድ ላይ ይጨፈልቀዋል።»

ልክ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ተስማማን። መቅዳቱ በእኔ ዴስክቶፕ ይሆናል፤ ከኋላው ሰማያዊዋ የድምፅ መቀበያ ቀዳዳ አለችው። መስማቱ በላፕቶፕ። ድምፁ ሁሉ በሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይቀመጣል፤ አንዱ ሸኮ፣ ሌላው አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ። አንድ ቤት ቢያፈስ ሌላው አለ።

ፕሮግራሙም እንደ ዕቃው አከራከረን። መቅጃውን አቤል በነፃ የሚገኝ አመጣ፤ ሞገዱ ሲወጣና ሲወርድ ያሳያል፤ ድምፅ ከልክ ሲያልፍ ይቀላል። እሱን ወደድኩት። ማጫወቻው ግን አልሆነም። የመጀመሪያው ብዙ ቀለም አለው፣ የአማርኛ ስም ስንጽፍበት ግን ባዶ ሳጥን ሳጥን ይደረድራል። ሌላ ፈለገ፤ ያኛው ፊደላችንን አወቀ፣ ፊደሉንም ማተለቅ ይቻላል።

አቤል ፎልደሮቹን በዘፋኝ ስም ሊከፍል ጀምሮ ነበር። ጋሽ ታደሰን ጠየቅናቸው።

«ዘፋኝ? የማን ስም አውቄ! እኔ የማውቀው የት እንደቀዳሁት ነው።»

ፎልደሮቹ ማጂ፣ ሸኮ፣ ሚዛን ተባሉ። በሠሩበት ቦታ።

ከዚያ የእኔ ሥራ መጣ። የተጣመመው የካሴቱ ቀፎ ይከፈትና ቴፑ በብሎን የሚዘጋ ጤነኛ ቀፎ ውስጥ ይዛወራል። እጅ መታጠብ አለበት፤ ላብ ያለበት ጣት ቴፑን ይበላዋል። ሌሎቹን ሁሉ ጨርሼ የአስካለን መጨረሻ አደረግኋት። ለትዕግሥት ደወልኩ።

«እማ፣ እጅሽን አላበሽ እንዴ?»

«አላበኝ።»

«ታጠቢና አድርቂያ።»

ታጠብኩ። አደረቅኩ። አዛወርኳት።

ኮምፒዩተሩን መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚይዘው ዩፒኤስ ላይ ሰካሁ። ዴኩንም እዚያው ሰካሁት። አቤል «ባትሪው አርጅቷል፤ ሁለቱን ይችላል ብለው ነው?» አለኝ። ኮምፒዩተሩ በርቶ ዴኩ ቢጠፋ ግን ቴፑ ሄዱ ላይ ተጣብቆ ይቆማል፤ ያን ከማይ ልሙት አልኩ። የመቅጃውን ቁልፍ ተጫንኩ።

መጀመሪያ ዝናብ መጣ። በካሴቱ ውስጥ ማለቴ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ። ከዚያ ሴትዮዋ ጀመረች። ቋንቋውን ብዙም አልሰማም፤ የምታባብል እናት ግን በምን ቋንቋ ትጠፋኛለች? እኔም ትዕግሥትን እንደዚያ ነው ያሳደግኳት። በመሀሉ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ። ዴኩ ይዞራል፤ ሞገዱ ስክሪኑ ላይ ይሄዳል። ዘፈኑ አለቀ፤ የሆነ ንግግር ተከተለ፤ ጸጥ አለ። ፋይሉን አስቀመጥኩ፤ ቅጂውን ዲስኮቹ ላይ አሳለፍኩ። ካሴቱን ሳወጣ ሄዱ ላይ ቡናማ ዱቄት ተጋግሯል። የቴፑ ድምፅ ያዥ ነገር ረግፎ ቀርቷል። ያ ካሴት ዳግመኛ አይጫወትም።

አቤል በማግስቱ ድምፁን አጸዳው። የቴፑን ሹክሹክታ አወጣ፣ ዝናቡን አወጣ፣ ጫፍና ጫፉን ቆረጠ። ያማረ ሆነ፤ ዘፈኗ ብቻዋን ቀረች። እኔም አደነቅኩ።

«እንግዲህ ይሄኛው ትልቁ ፋይል ቦታ ይበላል። ላጥፋው?» አለ።

«እንዳትነካው!»

«ኧረ እትዬ፣ ሰው ይሰማል!»

«ይስማ! ጥሬው የሚል ፎልደር ክፈትና እዚያ አስቀምጥልኝ። በሁለቱም ዲስክ።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«እኔ እንጃ። እፈራለሁ።»

እያጉረመረመ ከፈተው።

ላፕቶፑንና አንዱን ዲስክ ይዘን አብረን ሸኮ ሄድን። ጋሽ ታደሰ የድሬሰርነት ነጭ ኮታቸውን ለብሰው ጠበቁን። አቤል ማጂ የሚለውን ፎልደር ከፍቶ የተጸዳውን አጫወተላቸው። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር፤ አላለቀሱም።

«ድምፅዋ ነው» አሉ። «ግን የት ሆና ነው?»

አቤል እኔን አየኝ።

«ያን ቀን ዝናብ ነበር። ዝናቡን ልትበልጥ ነው እንደዚያ ድምፅዋን ያነሣችው። እዚህ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዋን የምትጮህ ሆነችብኝ። ዝናቡ የታለ?»

አቤል ፊቱ ቀላ። «እኔ ነኝ ያወጣሁት ጋሼ። የሚጠራ መስሎኝ ነው።»

«አይዞህ፣ ዘፈን ከሆነስ እንደዚያ ነው የሚያምር» አሉት።

እኔ ማውሱን ያዝኩ። ጥሬው የሚለውን ፎልደር ሁለቴ መታሁ። ዝናቡ መጣ። ጋሽ ታደሰ ወንበራቸውን ወደ ላፕቶፑ ሳቡ። ዘፈኑ አልቆ ያ ንግግር ሲመጣ፣ አቤል የቆረጠው ማለት ነው፣ ሽማግሌው ትከሻቸው እስኪነቀነቅ ሳቁ።

«ምን አለች ጋሼ?» አልኩ።

«በቃህ፣ እሱን ዘግተህ ማገዶውን ከዝናብ አስገባ አለችኝ።»

«አስገቡት?»

«የት አስገባለሁ! እሷን እየቀዳሁ አልነበር? ሁሉም ራሰ። እራታችንን በጭስ ታፍነን በላን።»

ከዚያ «እንደገና» አሉ። እንደገና። በመጨረሻ በራሳቸው ጣት እንዲከፍቱት አስተማርኳቸው፤ ሲፈሩ «አይነክስም» አልኳቸው።

ከእሳቸው በኋላ ከቴፒም ከማጂም ሰው ካሴቱን ይዞልኝ መጥቷል። ከአቤል ጋር ብዙ ቤት የሙዚቃ ማኅደር ሠርተናል፤ የትኛውም ቤት ውስጥ በእኔ እጅ የጠፋ ድምፅ የለም። ይህን ስናገር አላፍርም። ትዕግሥት አሁንም ትፈሪያለሽ ወይ ትለኛለች። አዎ፣ ሶኬት ስነቅል ዓይኔን እጨፍናለሁ።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው ይህ ነው። ዕቃውንና ፕሮግራሙን ከመምረጣችሁ በፊት የሚቀመጥበትን ቤትና የሚከፍተውን ሰው እዩ። ከካሴቱ መጀመሪያ የወጣውን ድምፅ አታጥፉ። የጸዳው ከጥሬው ይሠራል፤ ጥሬው ግን ከጸዳው አይሠራም።